ሞርኒንግተን ክሬሰንት፦ ሕግ የሌለውን ጨዋታ በሕግ መጫወት

ሞርኒንግተን ክሬሰንት ለንደን ውስጥ ያለ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ጨዋታውም በእሱ ስም ይጠራል። ተራ በተራ የለንደን ጣቢያዎችን ስም ትጠራላችሁ፤ ቀድሞ «ሞርኒንግተን ክሬሰንት!» ያለ አሸነፈ። በቃ፣ ሌላ ሕግ የለውም። ይህን ግን በጨዋታው መሀል ማንም አይናገረውም። ጨዋታው የሚጥመው ሺህ ሕግ እንዳለው ሁሉ ስትከራከሩበት ነው።

በፈረንጆቹ 1978 በቢቢሲ ራዲዮ 4 የቀልድ ዝግጅት ላይ የተጀመረ ነገር ነው። ጣቢያው ግን ቀልድ አይደለም፦ በ1907 የተከፈተ፣ በባቡሩ ካርታ ላይ ጥቁር በሆነው በኖርዘርን መስመር፣ በካምደን ታውንና በዩስተን መካከል ያለ ነው። በ1992 አሳንሰሮቹ ሊቀየሩ ተዘግቶ እስከ 1998 ቆየ፤ ዳግም ሲከፈት የመረቁት እነዚያው የራዲዮ ተጫዋቾች ናቸው። እኔ ባሕር ዳር ጂኦግራፊ የማስተምር ሴት ነኝ፤ ለንደንን በእግሬ ረግጫት አላውቅም። ለዚህ ጨዋታ ካርታዋ ይበቃል።

ካርታውን በቀለም አሳትሙ። ጥቁርና ነጭ ከሆነ መስመሮቹ ይደባለቃሉ፤ ክርክራችሁም «የቱ ነበር ሰማያዊው?» በሚል ያልቃል። ከ270 በላይ ጣቢያ አለበት፤ መሸምደድ አያስፈልግም፣ ሠላሳ አርባውን ካወቃችሁ ትከራከራላችሁ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ በ1933 የታተመው የሃሪ ቤክ ካርታ መስመሮቹን ቀጥ ቀጥ አድርጎ ርቀቱን ችላ ብሏል፤ የዛሬውም የእሱን ፈለግ ይከተላል። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን በእውነቱ 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚራራቁት፣ ካርታው ላይ ግን እንደማንኛውም ጎረቤት ጣቢያ ናቸው። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ካርታ ስሎ ቢያመጣልኝ ማርክ እቀንስበታለሁ። ለጨዋታ ግን ካርታው ራሱ ሲዋሽ ተጫዋቹም ይደፍራል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ሕግ መፍጠር። ጀማሪ የሚሳሳተው ከባዶ ሜዳ ሲፈጥር ነው። «ሁለት ጊዜ ካጨበጨብኩ ተራህ ያልፋል» ማለት የልጅ ጨዋታ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ውሸቱ የሚሰቀልበት እውነተኛ ምስማር ይኑረው። ለምሳሌ ዋተርሉ እና ሲቲ የሚባለው መስመር ሁለት ጣቢያ ብቻ ነው ያለው፣ ዋተርሉና ባንክ፤ እሁድ ደግሞ አይሠራም። ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነስታችሁ «እሁድ ዋተርሉ የገባ ሰው ተራ ያልፈዋል» ብትሉ ማን ያፈርስባችኋል? ሰርክል የሚባለው ቢጫ መስመርም ስሙ ክብ ቢሆንም ከ2009 ወዲህ ሙሉ ክብ አይደለም፤ «ዞሬ እመለሳለሁ» ያለን ሰው በዚህ ነው የምታስቀሩት።

ሁለተኛው ነገር ድምፅ ነው። ሕጉን ስትናገሩ አትሳቁ፣ አታብራሩ። እኛ ጋ የዚህ ሊቅ ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆኑ አንቀጽ መጥቀስ አይከብዳቸውም። ሽምብጥ አክስቴ ቤት፣ እሁድ ከሰዓት፣ እጣኑ እየጨሰ የሚካሄደው ይህን ይመስላል፦

«ፓዲንግተን» ይላሉ ጋሼ። «በ1863 የመጀመሪያው የምድር ባቡር የተነሳበት ስለሆነ የመክፈት መብት የእኔ ነው።»

«ባንክ» እላለሁ እኔ።

«ዛሬ እሁድ ነው ልጄ፣ ባንክ ዝግ ነው» ትላለች አክስቴ ከረከቦቱ ሳትነሳ።

«የተዘጋው መስመሩ ነው እንጂ ጣቢያው አይደለም። በኖርዘርን ገብቻለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «በኖርዘርን የገባ ሰው ከሞርኒንግተን ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ዘመድ ባለበት ጉዳይ ላይ ደግሞ ዳኝነት አይቀመጥም። አንድ ተራ ዝለይ።»

እዚህ ላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል። የተሻለው ግን ፍርዱን ተቀብሎ በሚቀጥለው ዙር እሳቸውን በዚያው አንቀጽ መያዝ ነው። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እኛ ቤት ይህ ሥራ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ ምንም አይረሳም፣ ለጉቦም አይመችም። አንድ ጊዜ የጸደቀ ሕግ ፈጣሪውንም ይገዛል። ይህን ካላከበራችሁ ጨዋታው ጫጫታ ብቻ ይሆናል።

እንግሊዞቹ መንቀሳቀሻ ያጣ ተጫዋች «ኒድ» ውስጥ ገባ ይላሉ። እኛ ይህን በእንቆቅልሽ ደንብ ተካነው፦ መውጫ ያጣው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንዱን ጣቢያ ለባላጋራው ይሰጣል። ተቀባዩ ጣቢያው ገብቶ የሰጪውን ሞኝነት ካወደሰ በኋላ ተራው ይቀጥላል። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የተሰጠው ሰው ዝሆኑን ምን እንደሚያበላው ጭምር ማስረዳት አለበት። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ማሸነፊያው ቃል መቼ ይባል? በመጀመሪያው ተራ «ሞርኒንግተን ክሬሰንት» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ሕጉ አይከለክለውም፣ ግን ሁለተኛ አትጥሩት። እኛ በቡናው ቆርጠነዋል፦ በአቦል ክልክል ነው፣ በቶና ማስፈራራት ይቻላል፣ በረካ ከተቀዳ በኋላ የደፈረ ይበል። ደህና ተጫዋች ዩስተን ወይም ካምደን ታውን ላይ ቆሞ፣ አንድ ጣቢያ ብቻ እንደቀረው ሁሉም እያየ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ያኔ ነው ሰው የሚጮኸው።

አዲስ ሰው ሲመጣ ሕጉን አትንገሩት፤ ሦስት አራት ጊዜ ይሳሳትና ይቀጣ። ከአንድ ቡና በላይ ግን አታቆዩት። እንግዳን እስኪመሽ ማሞኘት ነውር ነው፤ ጋሼ በዚህ አይስማሙም።

ለንደን ከሰለቻችሁ ወደ ጣና ውረዱ። ባቡር ባይኖርም የጀልባ ማቆሚያ ሞልቷል፦ ከባሕር ዳር ወደብ ተነስታችሁ ደብረ ማርያም፣ እንጦስ፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፤ ማሸነፊያው ጎርጎራ ነው። እዚህ ምስማሩን ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ይህ እኛ የፈጠርነው ሳይሆን የገዳሙ ሥርዓት ነው። ጋሼ ይህን ይዘው «ክብራን!» ብለው ሴቶቹን በሙሉ ተራ ሊያሳልፉን ሞከሩ። አክስቴ ስኒውን አስቀምጣ «ይሁን ጋሼ፣ ይግቡ። ጀልባዋ ግን ከእኛ ጋር ናት» አለቻቸው። ልጁም መዘገበው፦ ክብራን የገባ ወንድ ሴት ተጫዋች ካልፈቀደችለት ከደሴቱ አይወጣም። እስካሁን ጎርጎራ የደረስነው ሴቶቹ ብቻ ነን።