ለስላሳ አክሽን ፊገር (እጅ እግሩ የሚንቀሳቀስ የፕላስቲክ አሻንጉሊት) ላይ የተነፋ የቀለም ስፕሬይ ለምን አይደርቅም?

ቀለሙ ሲያዩት ያምራል። ሲይዙት ግን ጣት ላይ ይለጠፋል፣ አሻራ ይቀርበታል፣ አቧራ ይሰበስባል። የሚጠይቁኝ ሰዎች ከሌላ ቦታ ሰምተው የሚመጡት መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ትንሽ ይቆይ፣ ይደርቃል።» አይደርቅም! ሳምንትም ይቆይ፣ ወርም ይቆይ፣ ያው ነው።

መጀመሪያ የት የት እንደሚያጣብቅ በጣታችሁ ለዩ። ደረቱና ጭኑ ላይ ጠንክሮ፣ ካባው፣ ቀበቶውና እጁ ላይ ብቻ ካጣበቀ ጥፋቱ የአየሩ አይደለም። ብዙ ጊዜ ደረቁ አካል ኤቢኤስ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ የሚተጣጠፈው ደግሞ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ለስላሳው ዓይነት። ደረቁም ቦታ ካጣበቀ ቀለሙን አወፍራችሁታል፣ ወይም በክረምት እርጥብ አየር ነፍታችኋል። እሱ ቀላል ነው፤ ሞቅ ያለና አየር የሚገባበት ቦታ አስቀምጡት፣ ይደርቃል።

ለስላሳው ላይ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒቪሲ በራሱ ደረቅ ነው፣ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት እሱው ነው። እንዲለሰልስ ሲፈለግ ፕላስቲሳይዘር የሚባል ዘይት መሰል ነገር ይጨመርበታል። ይሄ ዘይት ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል አልተሳሰረም፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የጣሳ ስፕሬይ ውስጥ ያሉት እንደ አሴቶንና ዛይሊን ያሉ አሟሚዎች (ቀለሙን የሚያቀጥኑ ፈሳሾች) ደግሞ የፕላስቲኩን ገጽ አለስልሰው መንገዱን ያቀሉለታል። ዘይቱ ቀለሙ ውስጥ ይገባና ከሥር ያላላዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ በልጆች መጫወቻ ላይ ፍታሌት ከሚባሉት ማለስለሻዎች አንዳንዶቹን በ0.1 በመቶ ገድባለች፣ ግን በእነሱ ምትክ የገቡት ማለስለሻዎችም ይወጣሉ። ስለዚህ «አዲስ ፊገር ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

አንዱ እንዲህ ያለውን ፊገር በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ወረቀቱን ስንልጠው ጽሑፉ ካባው ላይ ቀረ። ሌላው ፀሐይ ያድርቀው ብሎ መኪናው መስታወት ሥር አስቀመጠው፤ እግሩ ተጣመመ፣ ቀለሙ ግን እንደዚያው ያጣብቃል። የሕፃን ፓውደር የሚነሰንሱም አሉ። ፊት ላይ ያለውን ዝርዝር ሁሉ ግራጫ አድርጎ ይደፍነዋል፣ ሲታጠብ ደግሞ ማጣበቁ ይመለሳል። በጣም የሚያናድደኝ ግን በሚያጣብቀው ላይ ሌላ ስፕሬይ ቫርኒሽ መደረብ ነው። ለጥቂት ቀን የዳነ ይመስላል፣ ከዚያ እሱም ይላላል፣ አንዳንዴም ይሰነጣጠቃል፣ አሁን የምታስለቅቁት ሁለት ድርብርብ ሆነ ማለት ነው።

መፍትሄው አንድ ነው፤ ማስለቀቅና እንደገና መጀመር። ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በጥጥና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አድርጋችሁ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ እሹት። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አትሥሩ። የፋብሪካውም ቀለም አብሮ ሊለቅ ስለሚችል ዓይኑን ማትረፍ የምትፈልጉ እዚያ አካባቢ ተጠንቀቁ። ሙሉ ሌሊት መዘፍዘፍ የለም፣ ማለስለሻውን እየሳበ ፕላስቲኩን ሊያደርቀው ይችላል። አሴቶን በፍጹም! ኤቢኤሱን ያቀልጠዋል። አኳራጃና ቤንዚንም አታስጠጉት።

ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ እጠቡት። ይሄን ሳያደርጉ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ትዕግሥቴን ይፈታተኑታል። ላዩ ላይ የወጣው ዘይት አለ፣ የፋብሪካው ቅባት አለ፣ የእጃችሁ ወዝ አለ። አለቅልቁት፣ እስከ ነገ ይድረቅ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት።

ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሁን፣ በብሩሽ ወይም በኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚነፋ ትንሽ መርጫ)። ልብ በሉ፤ ጣሳው ላይ «አክሪሊክ» ተብሎ ስለተጻፈ በውሃ የሚቀጥን ነው ማለት አይደለም። የመኪና ዕቃ ቤት የሚሸጠው አክሪሊክ ስፕሬይ በብዛት ያው ኃይለኛ አሟሚ ያለበት ነው። ምን እንዳለበት በቅጡ ሳይጻፍበት የሚሸጠውንማ ባትገዙት ይሻላል። መለያው ቀላል ነው፤ እርጥብ ሳለ ብሩሹ በውሃ ብቻ ይታጠባል ወይ? ካልታጠበ ለስላሳው ላይ አታድርጉት። የመጀመሪያው ቅብ በጣም ስስ ይሁን፣ ሥሩ ቢታይም ግድ የለም። ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። መጨረሻ ላይ በውሃ የሚሠራ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ። የግድግዳ ቀለም በውሃ ቢቀጥንም ወፍራም ስለሆነ ዝርዝሩን ይውጠዋል።

የግድ ስፕሬይ ካላችሁ ለመኪና ወንበር ቪኒል የተሠራውን ሞክሩ። እሱንም መጀመሪያ እግሩ ሥር ነፍታችሁ ሳምንት ጠብቁ። የመኪና ባምፐር ላይ ከቀለም በፊት የሚደረገው ፕላስቲክ ፕራይመር ቀለም እንዲይዝ ነው እንጂ ይሄን ዘይት አያግድም።

መገጣጠሚያው ላይ የሚላጥ ከሆነ መፋተግ ነው፤ የሚፋተገውን ክፍል ሳትቀቡ ተዉት። ነጭ ጉም መስሎ ከደረቀ እርጥበት ገብቶበታል። ሳይቀባም የሚያጣብቅ አሮጌ ፊገር ካላችሁ ዝግ ሳጥን ውስጥ ሲያልበው ኖሮ ነው፤ በላርጎ ታጥቦ አየር ያግኝ።

የተቀባውን ነገር አፉ ውስጥ ለሚከት ሕፃን አትስጡ። ለመደርደሪያ ከሆነም ከሌላ ለስላሳ ፕላስቲክ ጋር ተጠግቶ እንዳይቆም፤ የዚያኛውም ዘይት ይተላለፍበታል።