ከሮቦት ወደ መኪና፦ ትንሽ ተቀያሪ መጫወቻ እንዴት ይገመገማል

ቁመቱ ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ተጣጥፎ መኪና የሚሆን ሮቦት እጃችሁ ሲገባ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ፊቱና ቀለሙ ላይ ነው። እዚያ ብዙ አትቆዩ። በዚህ መጠን ፕላስቲኩም መጋጠሚያውም የተቆጠረ ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት አንዱ ክፍል ስንት ሥራ ይሠራል የሚለው ነው። ወደ መኪናነት ሲቀየር እግሩን የሚያጥፈው ማጠፊያ ሮቦቱ ሲቆም ጉልበት ሆኖ ካገለገለ፣ ንድፍ አውጪው በአንድ ፒን (ክፍሎቹን በሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ) ሁለት ነገር አግኝቷል። ለመቀየር ብቻ የገባ፣ ከዚያ በኋላ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ክፍል በበዛ ቁጥር ደግሞ ንድፉ ደካማ ነው።

መለኪያው ከዘመኑ ጋር ይሂድ። የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ሃስብሮ በ1984 ትራንስፎርመርስ የተባሉትን ተቀያሪ ሮቦቶች አሜሪካ ገበያ ላይ ሲያወጣ የተጠቀመው የጃፓኑ ታካራ ቀድሞ ይሠራቸው የነበሩትን የዳያክሎንና የማይክሮ ቼንጅ መጫወቻዎች ነው። ትንሹ ቢጫ በምብልቢ ከማይክሮ ቼንጅ የመጣ ሲሆን መኪናው እኛ ቮልስ የምንለው ነው። የዚያ ጊዜ ሥሪት ክርን የሚባል ነገር አልነበረውም። እሱን በዛሬዎቹ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አዲሱ ግን ክርንና ጉልበት ከሌለው ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ማስመሪያ፣ የስልክ መብራት፣ ጥቂት ነጭ ወረቀት፣ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ።

ምንም ሳታንቀሳቅሱ ግራና ቀኙን አነጻጽሩ። ሁለቱም ክንዶች የቀኝ ሆነው የተገጠሙበት መጫወቻ ብርቅ አይደለም፣ በተለይ አስመስለው በተሠሩት ላይ። ይህ በጊዜ ካልታየ በኋላ አልዘጋ ሲል ጥፋቱን መመሪያው ላይ ትጥሉታላችሁ። ቀጥሎ በየፒኑ ዙሪያ ብርሃን አብሩ። ባለ ቀለም ፕላስቲክ ላይ ነጣ ያለ መስመር ከታየ ፕላስቲኩ ተጨንቋል ማለት ነው። ብረት ፒን መስታወት በሚመስል ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ካለፈ ደግሞ በእጥፍ ተጠንቀቁ፤ ፒኑ ተገፍቶ የገባ ስለሆነ ቀዳዳውን ዘወትር ይወጥረዋል፣ ግልጹ ፕላስቲክ ደግሞ ከመለጠጥ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። የመኪናው መስኮትና ጣሪያ አንድ ላይ ከግልጽ ፕላስቲክ ከተሠሩ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ከዚያ አቁሙት። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠንካራ መጽሐፍ ላይ አስቀምጣችሁ አንዱን ጠርዝ 3.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብታደርጉ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ፊቱን ወደ ላይኛው ጠርዝ አዙራችሁ ሞክሩ፤ ወደ ኋላ ከወደቀ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ የተከመረው የመኪና ጣሪያና ኮፈን ነው። መፍትሔው ተረከዝ ነው። ወደ ኋላ የሚዘረጋ 5 ሚሊ ሜትር ተረከዝ ብቻ ብዙ ያድናል፣ ግን የሚረሳውም እሱ ነው።

መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ለዩ። የኳስ መጋጠሚያ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፣ ሲገፋ ተነቅሎ መልሶ ይገባል፤ ለልጅ እጅ ከሁሉ ይሻላል። በብረት ፒን የሚታጠፈው ጠንካራ ነው፣ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ቀጭ ቀጭ እያለ በጥርስ የሚቆለፈው ለትልቅ ሮቦት እንጂ ለትንሽ ብዙም አያስፈልግም፤ በጥርሶቹ መካከል የፈለጋችሁትን ቦታ ይነፍጋችኋል። ክንዱን አብሮት የሚመጣውን ትንሽ የጦር መሣሪያ አስይዛችሁ አግድም ዘርጉና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ቀስ እያለ ከወረደ መጋጠሚያው ልል ነው።

አሁን ወደ ዋናው። መጀመሪያ መመሪያውን እያያችሁ፣ ከዚያ ሳታዩ፣ ሦስት ጊዜ ቀይሩት። ለዚህ መጠን ከ8 እስከ 12 እርምጃ ተገቢ ነው። ከ5 በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሮቦቱ ዝም ብሎ ተኝቶ መኪና ይባላል፤ ከ15 በላይ ሲሆን ደግሞ ጣት የማይገባበት ጠባብ ቦታ ይበዛል። አልሄድ ያለውን አትግፉ። አልሄድ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ መዞር የነበረበት ክፍል ሳይዞር ስለቀረ ነው፤ ሁለት እርምጃ ተመለሱ። አንዱ ክፍል ሌላውን እየፋቀ የሚያልፍበትን ቦታ ምልክት አድርጉና አሥር ጊዜ ከቀየራችሁ በኋላ እዩት። ቀለሙ ከጠርዙ ከለቀቀ ንድፍ አውጪው ለቀለሙ ውፍረት ክፍተት አልተወም ማለት ነው፣ እናንተ በመጠንቀቅ የምታድኑት አይደለም።

የመኪናው መዘጋት የሁሉም መፈተኛ ነው። መጨረሻ የሚዘጋው በር ሲገባ ሌላው ጎን ብድግ ካለ፣ መቆለፊያዎቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ክፍተቱን በወረቀት ለኩ፦ ተራ የቢሮ ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አምስት ቅጠል ከገባ ክፍተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። እስከዚያ ይታለፋል። አሥር ቅጠል ካስገባ መኪናው ዓይን ፊት ተሰንጥቆ ይታያል። ከዚያ መስታወት ላይ አስቀምጡትና አራቱን ማዕዘን በየተራ ተጫኑ፤ ከተወዛወዘ አንዱ ጎማ አየር ላይ ነው። ጎማው ኖሮ የማይንከባለል ከሆነ ገልብጡት፦ ከሥር የተደበቀው እጅ ወይም ጭንቅላት መሬት እየነካ ይሆናል።

ሮቦቱን መልሳችሁ ከጎንና ከኋላ እዩ። አንዳንዱ መኪና የሮቦቱ አካል ሳይሆን እንደ ካባ የተደረበበት ሽፋን ነው። በትንሽ መጠን ይህ ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም፤ ካባው ታጥፎ ከትከሻው ስፋት ካልወጣ ይሁን። ክንዱን ከውስጥ ስታዩት ባዶ ከሆነም አትደንግጡ፣ ፕላስቲክ ለመቆጠብ የተለመደ ነው። ቅር የሚያሰኘው ባዶው ጎን ወደ ፊት ሲታይ ነው።

ዓይኑ ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ ከጭንቅላቱ ጀርባ መብራት አብሩ፤ ያለ ባትሪ ቢበራ ጥሩ ዘዴ ተጠቅመዋል። የመሣሪያውን እጀታ ለኩ፦ የተለመደው 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በትናንሾቹ ላይ 3 ሚሊ ሜትርም አለ፤ ሁለቱ አይቀያየሩም። መሣሪያው መኪናው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለው በወሩ ይጠፋል።

ከ3 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት የሚነቀሉትን ክፍሎች ሁሉ ቁጠሩ። ትንንሽ ክፍል ሕፃን ያንቅ እንደሆነ የሚፈተንበት ባዶ ሲሊንደር ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚገባ ክፍል ማነቅ ይችላል፣ የዚህ መጠን ሮቦት መሣሪያ ደግሞ አብዛኛው ይገባል። ባትሪ ካለው ክዳኑ በብሎን ካልተዘጋ አትግዙት፤ የተዋጠች ክብ ባትሪ ውስጥን ታቃጥላለች።

ልል የኳስ መጋጠሚያ ይጠገናል። ኳሱን አውጡ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 24 ሰዓት አድርቁና መልሱ። ወፍራም ከሆነ ፈሳሹ ፕላስቲኩን ያለሰልሳል፤ ሳይደርቅ ከገባ ደግሞ ይጣበቃል። የጠበቀውን በጥቂት የሲሊኮን ቅባት አላሉት እንጂ የመኪና ዘይት አታስጠጉ። ብሎን ስትመልሱ መጀመሪያ ጥርሱ ቦታው ሲገባ እስኪሰማችሁ ወደ ግራ አዙሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ እንደያዘ አቁሙ። አንዴ የተላጠ ቀዳዳ ብሎን አይዝም።

ያገለገለ ስትገዙ ወርቃማ ቀለም በፕላስቲኩ ውስጥ የተቀላቀለበትን የድሮ ሥሪት ለዩት። ከዚያ ዘመን ወርቃማ ፕላስቲኮች ብዙዎቹ ሳጥናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ እንኳ ይደርቁና እንደ ብስኩት ይፈረፈራሉ። እንዲህ ያለውን ሻጩ ፊት ቀይሩት ብትባሉም አትቀይሩ፤ ባለበት ሁኔታ አይታችሁ ዋጋ ቁረጡ።