ዊንዶውስ 98 በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ አልጫን ሲል መንስኤውን እንዴት ማግኘት ይቻላል

በ1990ዎቹ በአማርኛ የተተየቡ ደብዳቤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የማኅበር መዝገቦች ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደላቱን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮድ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰነዶችን እንደ ተጻፉ ለማየትና ለማተም ከአስተማማኝ መንገዶች አንዱ የዚያን ዘመን ኮምፒውተር በዊንዶውስ 98 መልሶ ማስነሳት ነው። ይሁንና ጭነቱ በመሃል የሚቆምባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የቆመበት ቦታ ራሱ መንስኤውን ስለሚጠቁም ኮምፒውተሩን ከማጥፋትዎ በፊት በስክሪኑ ላይ ያለውን መልእክትና የፋይል ስም በወረቀት ላይ ይጻፉ።

ከሁሉ በፊት ግን የድሮውን ሃርድ ዲስክ ይፍቱና በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያይዘው ሙሉ ቅጂውን ይውሰዱ። ዲስኩን የሚከፋፍለው ኤፍዲስክ እና ለመጻፍ የሚያዘጋጀው ፎርማት የሚባሉት ትእዛዞች የሚያጠፉት ምናልባት ሌላ ቦታ የማይገኝ ሰነድ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን እርምጃ መዝለል ተገቢ አይደለም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን ይፈትሹ። በብዙ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ የቮልቴጅ መምረጫ ትንሽ ማብሪያ አለ። ኮምፒውተሩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ማብሪያው በ115 ላይ ሊሆን ይችላልና፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ወደ 230 መዞሩን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ቆመው የሚታዩ ክብ ካፓሲተሮች ይመልከቱ፤ አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጡ መቀየር አለባቸው እንጂ በሶፍትዌር የሚፈታ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ክቧን ባለ 3 ቮልት ባትሪ (ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032) ይቀይሩ፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) የዲስኩን ዝርዝር የሚረሳው በዚህችው ባትሪ መድከም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ባዮስ ገብተው ሃርድ ዲስኩና ሲዲ ማንበቢያው በስማቸው መታየታቸውን ያረጋግጡ። ሁለቱ በአንድ ኬብል ላይ ከሆኑ፣ በጃምፐር (በዕቃው ላይ ባለችው ትንሽ መሰኪያ) አንዱ ማስተር (አንደኛ) ሌላው ስሌቭ (ሁለተኛ) መደረግ አለባቸው፤ ሁለቱም ማስተር ከተደረጉ አንዱ ወይም ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። በዚያው ባዮስ ውስጥ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ የሚል ምርጫ ካለ ያጥፉት፤ መጫኛው የዲስኩን ማስነሻ ክፍል ሲጽፍ እንደ ቫይረስ ተቆጥሮ ሊታገድ ይችላልና።

የዲስኩ መጠንም ራሱን የቻለ የችግር ምንጭ ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ባዮሶች ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲስክ ሲያዩ ደርቀው ይቀራሉ። ከዊንዶውስ 98 ጋር የመጣው ኤፍዲስክ ደግሞ ከ64 ጊጋባይት በላይ ሲሆን መጠኑን አሳስቶ ያሳያል፤ ለምሳሌ ባለ 80 ጊጋባይቱን ዲስክ 10 ጊጋባይት ገደማ ብሎ ያነበዋል። ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። ለዚህ ሥራ ከ8 እስከ 20 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ስለሆነ፣ ትንሽ ዲስክ መፈለግ ከትልቁ ጋር ከመታገል ይሻላል።

በማስነሻ ፍሎፒ ሲጀምሩ ደግሞ ብዙ ሰው ሲዲው አልተነበበም ብሎ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፍሎፒው በሜሞሪ ውስጥ ጊዜያዊ ድራይቭ ስለሚፈጥርና የ«ዲ»ን ፊደል ለዚያ ስለሚሰጥ፣ አንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ባለው ኮምፒውተር ሲዲው የሚገኘው በ«ኢ» ላይ ነው። ካገኙት በኋላ ጭነቱን በቀጥታ ከሲዲው አይጀምሩ። ዊን98 የሚባለውን ፎልደር መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጠው ከዚያ ያስጀምሩት። ሲዲው ከተጫረ ሲገለበጥ ይታወቃል፤ በኋላም ዊንዶውስ ለሲዲ ማንበቢያው ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ሳይኖረው «ሲዲውን ያስገቡ» ሲል አይቸገሩም።

መጫኛው ፋይል ሲያስገባ ከቆመ፣ የጻፉትን የፋይል ስም ይመልከቱ። ሁልጊዜ በአንድ ፋይል ላይ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የሲዲው ወይም የቅጂው ነው፤ በየጊዜው በሌላ ፋይል ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ሜሞሪውን ወይም የዲስኩን ኬብል ይጠርጥሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ሲዲ ስቀያይር ቆይቼ፣ በመጨረሻ የተበላሸችው አንዷ የራም (የሜሞሪ) ቺፕ ሆና አግኝቻታለሁ። ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር የሚያደክም ቢመስልም ጊዜ ይቆጥባል። ራም መብዛቱም ችግር ያመጣል፤ ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲሆን ዊንዶውስ 98 በተቃራኒው ሜሞሪ አነሰኝ ሊል ስለሚችል፣ ለጭነቱ 256 ብቻ ይተዉ።

መጫኛው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ካርዶችና ሌሎች ዕቃዎች በሚለይበት ደረጃ ላይ ከቆመ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የዲስኩ መብራት ለአሥር ደቂቃ ያህል ምንም ካልበራ ብቻ ኮምፒውተሩን በማብሪያው ያጥፉ። በኮንትሮል፣ በአልትና በደሊት ቁልፎች ማስነሳት አይበቃም። መልሰው ሲያበሩት መጫኛው የቆመበትን ዕቃ ከመዝገቡ አንብቦ ያልፈዋል። ከመጀመሪያውም የድምፅ፣ የሞደምና የኔትወርክ ካርዶችን አውጥቶ ጭነቱ ካለቀ በኋላ አንድ በአንድ መመለስ ይህን ችግር በአብዛኛው ያስቀራል።

የመጨረሻው ማቆሚያ ከመጀመሪያው ዳግም ማስነሳት በኋላ ነው። እዚህ የሚደርቅ ከሆነ የኃይል አስተዳደሩ ከባዮሱ ጋር አልተስማማ ይሆናልና፣ ጭነቱን እንደገና ሲጀምሩ «ሴትአፕ» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝና «ፒ»፣ ከዚያም ክፍት ቦታና «አይ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፉ። በመጨረሻ ድራይቨሮችን ሲጭኑ የማዘርቦርዱን ያስቀድሙ፣ የስክሪኑን ያስከትሉ። አንዱ ካበላሸው ሲነሳ የኤፍ 8ን ቁልፍ ተጭነው በሴፍ ሞድ (በጣም አስፈላጊ በሆኑት ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) በመግባት ያውጡት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2006 ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አያገናኙት። የአማርኛ መጻፊያውን ጭነው አንድ የድሮ ሰነድ በትክክል ሲከፈት ካዩ በኋላ፣ ሌላ ምንም ሳይነኩ የዚህንም ዲስክ ሙሉ ቅጂ ይውሰዱ።