በፕራግ የዳቪድ ቸርኒን ሐውልቶች አስተውሎ ለመጎብኘት

ዳቪድ ቸርኒ በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕራግ የተወለደ ቀራጺ ነው። ግዙፍና ብዙ ጊዜም ሰው የሚያስቆጡ ሥራዎቹ በዚያችው ከተማ አደባባዮች፣ መተላለፊያዎችና ግቢዎች ስለሚገኙ አብዛኞቹን ያለ መግቢያ ክፍያ በእግር እየተዘዋወሩ ማየት ይቻላል። ችግሩ ጎብኚው ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ፈገግ ብሎ ማለፉ ነው። ከቸርኒ ሥራዎች ምርጥ የሆኑት በአቅራቢያቸው ላለ ሌላ ሐውልት፣ ሕንፃ ወይም ታሪክ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሐውልቱን ከማየትዎ በፊት መልስ የተሰጠበትን ነገር ይመልከቱ፤ የጉዞውንም ቅደም ተከተል በዚሁ መሠረት ያውጡ።

ጉዞዎን ከቬንስስላስ አደባባይ አናት፣ ከሙዜኡም የሜትሮ ጣቢያ ይጀምሩ። እዚያ ዮሴፍ ሚስልቤክ የቀረጸው የቅዱስ ቬንስስላስ ሐውልት አለ፤ የቼኮች ጠባቂ የሚባለው ቅዱስ ጦሩን ይዞ በፈረሱ ላይ ተቀምጧል፤ ሌሎች አራት ቅዱሳን ከሥሩ ቆመዋል። በኅዳር 1989 የኮሚኒስቱን መንግሥት የጣለው ሕዝብ የሞላው ይህን አደባባይ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆመው የፈረሱን አንገትና የፈረሰኛውን አቀማመጥ በልብዎ ይያዙ። ከዚያ አደባባዩን ቁልቁል ወርደው በስተግራ ወደ ሽቴፓንስካ ጎዳና ይታጠፉና ሉሰርና ወደሚባለው አሮጌ ሕንፃ መተላለፊያ ይግቡ። ቸርኒ በ1999 የሠራው ፈረስ አራት እግሩን ታስሮ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ ራሱ ወደ ታች ተዘርግቷል፣ ምላሱ ወጥቷል፣ በግልጽ ሞቷል። ቅዱሱ ግን ቀጥ ብሎ፣ አሁን በአደባባዩ ባዩት አቀማመጥ፣ በፈረሱ ሆድ ላይ ተቀምጧል። ብዙዎች ይህን በቅዱሱ ላይ እንደ ማላገጥ ይቆጥሩታል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ የተለወጠው ፈረሱ እንጂ ፈረሰኛው አይደለም፤ የሚያስደነግጠውም ከሥሩ ያለው መሞቱን አለማወቁ ነው። በቅድሚያ ከሥሩ ቆመው ሽቅብ ይዩት፤ ቀጥሎ ወደ ሲኒማ ቤቱ የሚያወጣውን ደረጃ ወጥተው ከቅዱሱ ፊት ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ይመልከቱት። ሁለቱ እይታዎች በጣም ይለያያሉ።

ከዚያ ወደ ናሮድኒ ትሪዳ የሜትሮ ጣቢያ አጭር የእግር መንገድ ነው። ከጣቢያው አጠገብ በ2014 የቆመው የፕራጉ ደራሲ የፍራንዝ ካፍካ ራስ ከማይዝግ ብረት በተሠሩ 42 ንብርብሮች የተዋቀረ ሲሆን ቁመቱ 11 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 39 ቶን ነው። ንብርብሮቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚዞሩ ፊቱ ይበታተንና እንደገና ይገጥማል። ሁልጊዜ ስለማይንቀሳቀስ ቆሞ ካገኙት ጥቂት ይታገሡ። ሲዞር መጀመሪያ ቀረብ ብለው እንደ መስታወት በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ የራስዎና የሕንፃዎቹ ምስል ሲቆራረጥ ይመልከቱ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ርቀው ፊቱ የሚገጥምበትን ቅጽበት ይጠብቁ። በአቅራቢያው ባለው ማይ የገበያ ሕንፃ ላይ በ2024 የተሰቀሉት፣ አካላቸው የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የሆነ ሁለት ቢራቢሮዎች ከሩቅ ያምራሉ፤ ነገር ግን በጎናቸው የሚመልሱት ጥያቄ ስለማይታየኝ ረጅም ጊዜ እንዲሰጧቸው አልመክርም።

በአሮጌው ከተማ ሁሶቫ ጎዳና ሲያልፉ ቀና ይበሉ። በአንድ እጁ ከአግዳሚ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው ሰው በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ምድር የተወለደው የሥነ ልቦና ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ቅርጹ በሌሎች ከተሞች በታየበት ጊዜ ሰው ሊወድቅ ነው ብለው ፖሊስ የጠሩ መንገደኞች ነበሩ።

የቭልታቫን ወንዝ ተሻግረው በካፍካ ሙዚየም ግቢ ሁለት የነሐስ ወንዶች ፊት ለፊት ቆመው ሲሸኑ ያገኛሉ። ሰው ሁሉ ወገባቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ያያል፤ እርስዎ ግን ውኃው የሚጠራቀምበትን ገንዳ ጠርዝ በዐይንዎ ይከተሉ፤ የቼክ ሪፐብሊክ ካርታ ነው። ከዚያ ማላ ስትራና በሚባለው ሰፈር ሽቅብ ወጥተው በጀርመን ኤምባሲ ጀርባ ካለው መናፈሻ በአጥሩ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በአራት የሰው እግር የቆመች፣ ትራባንት የምትባል የምሥራቅ ጀርመን መኪና አለች። በመስከረም 1989 በሺዎች የሚቆጠሩ ምሥራቅ ጀርመናውያን መኪናቸውን በፕራግ መንገዶች ላይ ጥለው፣ ይህንኑ አጥር ዘለው፣ ያኔ የምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ በነበረው በዚሁ ግቢ ተጠልለው ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻግረዋል። እርስዎ የቆሙት እነርሱ በቆሙበት ቦታ ስለሆነ እዚህ አይቸኩሉ።

ዢሽኮቭ በሚባለው ሰፈር ባለው የቴሌቪዥን ማማ ላይ የሚድኹት አሥር ግዙፍ ሕፃናት ከመሬት በጣም ይርቃሉ። ስለዚህ አስቀድመው በቭልታቫ ወንዝ ላይ ወዳለው የካምፓ ደሴት ሄደው በካምፓ ሙዚየም አጠገብ መሬት ላይ ያሉትን ሦስት የነሐስ ሕፃናት ፊት በቅርብ ይዩ፤ ዐይንና አፍንጫ በሚኖርበት ቦታ ወደ ውስጥ የገቡ ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ አሉ። ይህን ካዩ በኋላ 216 ሜትር ወደሚረዝመው ማማ ሲሄዱ ከታች የማይታየው ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ቸርኒን ያሳወቀው ሮዝ ታንክ ግን ከፕራግ ውጭ ነው። የሶቪየት ጦር በ1945 ፕራግን ነፃ ላወጣበት መታሰቢያ በፕራግ ስሚሆቭ ሰፈር ቆሞ የነበረውን ታንክ፣ ቸርኒና ጓደኞቹ በሚያዝያ 1991 አንድ ሌሊት ሮዝ ቀቡት፤ ሶቪየት ኅብረትና አጋሮቿ በ1968 ቼኮዝሎቫኪያን ከወረሩ በኋላ ለብዙ ቼኮች የሶቪየት ታንክ የነፃነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ ነበርና። ቸርኒ ታሰረ፤ ወታደሮች ታንኩን መልሰው አረንጓዴ ቀቡት፤ ቆይቶም ያለመከሰስ መብት ያላቸው የፓርላማ አባላት ራሳቸው ሄደው እንደገና ሮዝ ቀቡት። ዛሬ በሌሻኒ የጦር ሙዚየም ይገኛል፤ ሙዚየሙ ዓመቱን ሙሉ ስለማይከፈት የመክፈቻ ቀኖቹን አስቀድመው ያረጋግጡ። ታንኩ ከቦታው ስለተነሣ ወደ ሌሻኒ ከመሄድዎ በፊት በስሚሆቭ ኪንስኪ አደባባይ ወርደው መኪናና ትራም የሚያልፉበትን ስፍራ ይመልከቱ፤ ታንኩን ያ ሁሉ ሰው ከመስኮቱ ሆኖ በየዕለቱ ያየው እንደ ነበር የሚገባዎት እዚያ ሲቆሙ ነው።