ተገጣጣሚ የኮምፒውተር ኬዝ እንዴት ተፈትሾ ይገዛል?

ደብረ ብርሃን ላይ «ሙቀት የማያውቅ ኬዝ» ተብሎ የተመሰገነ ዕቃ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ባለቤቱን ሊያሳፍር ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታቸው ግን በ1,500 ሜትር ገደማ ይለያያል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቀው ከተማ 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይመታታል፤ ቆላዋ ከተማ ደግሞ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪን በቀላሉ ታልፋለች። ኬዝ የሚመዘነው በሚቀመጥበት ክፍልና በሚገጠምለት ዕቃ ነው። በካርቶኑ ላይ የታተመው ፎቶ ሁለቱንም አያውቅም።

እዚህ የምናየው ሚድ ታወር የሚባለውን መካከለኛ ኬዝ ነው፤ ኤቲኤክስ የሚባለውን ሙሉ መጠን ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) የሚይዘውንና ጠረጴዛ ሥር የሚገባውን። ተገጣጣሚ ወይም ሞጁላር የሚባለው ዓይነት የዲስክ ማስቀመጫው፣ የፋን መያዣው፣ የላይኛው ክዳን፣ አንዳንዴም የማዘርቦርዱ መደብ ጭምር በብሎን እየተፈታ ቦታ የሚቀይር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኬዝ አምራቹ ኩለር ማስተር እ.ኤ.አ. በ2015 ማስተርኬዝ 5ን ሲያወጣ ዋና መሸጫው ይኸው ነበር፤ ፍራክታል ዲዛይንም በ2020 ባወጣው ዲፋይን 7 ውስጡ ለብዙ ዲስክ ወይም ለሰፊ ክፍት ቦታ እንዲደራጅ አድርጎ ሠርቶታል። ዛሬ ግን አንድ የዲስክ መያዣ የሚወጣለት ማንኛውም ቆርቆሮ «ሞጁላር» ተብሎ ስለሚሸጥ፣ ስሙን ትታችሁ ዕቃውን መርምሩ።

አንደኛ፦ ከቤት ሳትወጡ ለኩ

ሜትርና ወረቀት ያዙ። ማዘርቦርዱ ኤቲኤክስ ከሆነ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170። ቀጥሎ የግራፊክስ ካርዱን (ምስል የሚያወጣውን ሰሌዳ) ርዝመት፣ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን ቁመትና የፓወር ሰፕላዩን (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን) ርዝመት ጻፉ። መደበኛ የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ወርዱ 150፣ ቁመቱ 86 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ ግን እንደ ኃይሉ ስለሚለያይና ኬብሎቹም ከኋላው ወጥተው ስለሚታጠፉ፣ ከዕቃው ርዝመት በላይ ቦታ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የግራፊክስ ካርዱን ወርድ ነው። የአዳዲስ ካርዶች የኃይል ኬብል በጎን በኩል ስለሚሰካ የኬዙ የጎን መስታወት እስኪዘጋ ድረስ ችግሩ አይታይም። ኬብሉ ከመሰኪያው እንደወጣ ወዲያው መታጠፍ የለበትም፤ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ተጫኖ የታጠፈ ኬብል መሰኪያው ላይ በደንብ ላይቀመጥና ሊሞቅ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድና አንድ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ትንሽ ዲስክ) ብቻ ከሆነ፣ ተገጣጣሚ ኬዝ አትግዙ። ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ቤት የሚሆን ኮምፒውተር የሚፈታም የሚገጠምም ክፍል አያስፈልገውም። ገንዘቡ ለተሻለ ፓወር ሰፕላይ ቢውል ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት

ከአዲስ አበባ የምታስመጡት ከሆነ የሚያይላችሁ ሰው ላኩ፤ ራሳችሁ ከሄዳችሁ ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን የጎን ክዳኖች አውጡና ባዶውን አካል በሁለት ሰያፍ ማዕዘኖቹ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዝዙት። ርካሽ ኬዞች ላሜራቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ጥሩዎቹ ወደ 0.8 ይጠጋሉ። ቁጥሩን መለኪያ ሳትይዙ ማወቅ ባትችሉም እጃችሁ ይነግራችኋል። የሚጣመም ኬዝ ክዳኑ በትክክል አይገጥምም፣ ሃርድ ዲስክ ሲሽከረከርም አብሮ ያንጎራጉራል። ጠርዞቹን በጣት ዳብሱ፤ በደንብ ያልታጠፈ ላሜራ እጅም ኬብልም ይቆርጣል።

ከዚያ የብሎን ከረጢቱን ፍቱ። የማዘርቦርዱ ማቆሚያ እግሮች ዘጠኝ መሆን አለባቸው፤ አንዳንዶቹ መደቡ ላይ ተገጥመው ይመጣሉ። ሁለት ዓይነት ብሎን እንዳለም አረጋግጡ፤ ወፈር ባለ ጥርስ የተቆረጠው ለፓወር ሰፕላይና ለትልቁ ሃርድ ዲስክ፣ ቀጭኑና ኤም 3 የሚባለው ደግሞ ለኤስኤስዲ ነው። አንዱን በሌላው ቀዳዳ በኃይል ያስገባ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ደብረ ብርሃን ላይ የጎደለ ማቆሚያ እግር መፈለግ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ይህን ቆጠራ ሻጩ ቢሰለችም አትተዉት።

ሦስተኛ፦ ተገጣጣሚነቱን ፈትኑ

የካርቶኑ ጀርባ «ስምንት ሃርድ ዲስክ፣ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር፣ 400 ሚሊ ሜትር ግራፊክስ ካርድ» ይላል። እያንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በአንድ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሆኑም። ፊት ለፊት ራዲያተር (በፈሳሽ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሙቀቱን የሚያስወጣበትን ክፍል) ስትሰቅሉ ራዲያተሩ 27 ሚሊ ሜትር፣ ፋኑ 25 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ 400 የነበረው የካርድ ቦታ ወደ 350 ይወርዳል። ራዲያተሩ ራሱ «360» ይባል እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ከታች ያለው የዲስክ መያዣ መነሳት ሊኖርበት ይችላል። ያን ጊዜ ስምንቱ ዲስክ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሻጩን «ምን ይይዛል?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ወንድሜ፣ ሁሉንም ይይዛል» ይላችኋል፤ አልዋሸም። የእናንተን ዕቃ በሙሉ በአንድ ላይ ዘርዝራችሁ የትኛው ክፍል እንደሚነሳ መመሪያው ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። መመሪያው ሳጥኑ ውስጥ ከሌለ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አለ።

ቀጥሎ እጃችሁን አስገቡ። የዲስክ መያዣውን አውጥታችሁ በሌላኛው ቦታ ግጠሙት። አንዱን ለማውጣት ሌላ አራት ነገር መፈታት ካለበት፣ ወይም ከታች ያሉትን ብሎኖች ለማግኘት ኬዙን በጎኑ ማስተኛት ካስፈለገ፣ ያ ክፍል ተገጣጣሚነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ዕቃ ሞልቶ 15 ኪሎ ሲመዝን ማን ያገላብጠዋል? ሲወጣ የሚተወውን ቀዳዳም ተመልከቱ። ጥሩ አምራች ለክፍቱ ቦታ መሸፈኛ አብሮ ይሰጣል። አንዱን ብሎን አራት አምስት ጊዜ ፍቱና እሰሩ፤ ጥርሱ ከወዲሁ መላላት ከጀመረ የመገጣጠም ነፃነቱ ዕድሜ አጭር ነው። በፕላስቲክ መንጠቆ ብቻ የሚያያዙ ክፍሎችን በበኩሌ አላምንም። ብርድ ላይ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ መንጠቆው ሲሰበርም ለብቻው አይሸጥም።

ከማዘርቦርዱ መደብ ጀርባ ያለው የኬብል ቦታም የዚሁ ፈተና አካል ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፓወር ሰፕላይ ወደ ማዘርቦርድ የሚሄደው ወፍራሙ ባለ 24 ፒን ኬብል ክዳኑን ያሳብጠዋል።

አራተኛ፦ የአየሩን መንገድ ተከተሉ

የፊት ክዳኑ ወንፊት ከሆነ ጥሩ። ጥቅጥቅ ያለ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ግን አየሩ በየት እንደሚገባ ፈልጉ፤ በጎን ያለው ስንጥቅ ከጣት ስፋት ካነሰ ፋኑ ጩኸት እንጂ አየር አያመጣም።

በደጋው ላይ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የቀጠነ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም ክብደቱ አንሷል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ይህን ጉድለት ብርዱ ስለሚሸፍነው ማንም ልብ አይለውም። ማሞቂያ የሚበራበት ትንሽ ክፍል ወይም ብዙ ኮምፒውተር የታጨቀበት ቤት ውስጥ ግን ብርዱ የለም፤ ቀጭኑ አየር ግን አለ። ስለዚህ ደገኛው ገዢ በብርዱ ተማምኖ የታፈነ ኬዝ አይምረጥ።

ሁለት ወይም ሦስት ፋን ከፊት አስገቢ፣ አንድ ከኋላ አስወጪ አድርጋችሁ ጀምሩ። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ ትርፉ አየር በየስንጥቁ ይወጣል፤ ካነሰ ደግሞ በየስንጥቁ ይገባል፣ አቧራ ይዞ፣ ያለ ማጣሪያ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ጥቂት እጣን አጭሱና ጢሱን ለአፍታ ወደ ኋላው የካርድ ቀዳዳዎች አስጠጉት። ወደ ውስጥ ከተሳበ አስገቢ ፋን ጨምሩ ወይም የኋላውን ፍጥነት ቀንሱ።

ማጣሪያው ኬዙን ሳታንቀሳቅሱ፣ ያለ ካቻቢቴ መውጣት አለበት። የማይመች ማጣሪያ አይታጠብም፤ ያልታጠበ ማጣሪያ ደግሞ ከግድግዳ አይለይም። በተለይ ከመኸር እስከ ወቂያ ባለው ጊዜ፣ በጠጠር መንገድ ዳር ያለ ቤት በየሁለት ሳምንቱ ቢያየው አይበዛበትም። ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይመለስም።

አብረውት የሚመጡት ፋኖች የሚሰኩበትንም እዩ። በሦስት ወይም በአራት ፒን ማዘርቦርድ ላይ ከተሰኩ ፍጥነታቸውን ትቆጣጠራላችሁ። በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ የሚቀጥሉት ርካሾቹ ግን ሌሊትም ቀንም በአንድ ፍጥነት ይጮኻሉ።

አምስተኛ፦ ሙቀቱን ከክፍሉ ጋር አነጻጽሩ

ከገጠማችሁ በኋላ አንድ ቴርሞሜትር ከፊት ክዳኑ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አስቀምጡ። የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ኤችደብልዩኢንፎ በነፃ ይገኛል። የፋኖቹን ፍጥነት በአንድ ቁጥር ላይ አስሩ፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን ለ30 ደቂቃ ሙሉ ሥራ ስጧቸው። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ብረቱ ሙቀቱን ጠጥቶ እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስዳል።

የምትመዘግቡት የዕቃው ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ሲቀነስ የሚቀረውን ነው። ለምሳሌ ግራፊክስ ካርዱ 66፣ ክፍሉ 16 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 50 ነው። ያው ኮምፒውተር ሸዋ ሮቢት 33 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ወደ 83 ይጠጋል ማለት ነው። ቆላው ላይ አየሩ ስለሚወፍር ልዩነቱ ጥቂት ይጠባል፤ የክፍሉን 17 ዲግሪ ጭማሪ ግን አያካክስም። ሰው «የእኔ 66 ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ የት ሆኖ እንደሆነ ጠይቁት።

ፕሮሰሰሩን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ከፍተኛ ሞዴሎች፣ ሙሉ ሥራ ላይ ሆን ብለው እስከ 95 ዲግሪ ይወጣሉ። በእነርሱ ላይ የሙቀቱ ቁጥር ስለ ኬዙ ብዙ አይናገርም፤ የሥራ ፍጥነታቸው መውረድ አለመውረዱን ተመልከቱ።

አሁን የጎን ክዳኑን አውጡና ሌላውን ምንም ሳትነኩ ፈተናውን ድገሙ። ሙቀቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢወርድ የሚጠበቅ ነው። ከአምስት ስድስት በላይ ከወረደ ኬዙ ታፍኗል። ቀጥሎ ክዳኑን መልሳችሁ የፊት ማጣሪያውን ብቻ አውጡ፣ ከዚያ የዲስክ መያዣውን ብቻ፤ የቱ ላይ ቁጥሩ እንደሚወርድ ታገኙታላችሁ። ተገጣጣሚ ኬዝ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው፤ ተራው ኬዝ ቢታፈን የምታነሱለት ነገር የለውም።

ስድስተኛ፦ መንገዱና ቤቱ

መስታወት ያለውን ኬዝ በአውቶቡስ ጣሪያ አትጫኑ። መስታወቱን አውጥታችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ለብቻው ያዙት፤ ከባድ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣና ግራፊክስ ካርድም ከማዘርቦርዱ ተፈተው ይጓዙ። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ በጣርማ በር ጉም ውስጥ አልፋችሁ ቆላ ስትወርዱ፣ የቀዘቀዘው ብረት ላይ የሞቀው አየር እርጥበት ሊያቋጥር ይችላል። እንደታሸገ ለጥቂት ሰዓታት ክፍሉን ይልመድ፤ ከዚያ መብራት ይሰካ።

ካርድ የተነሳበትን ቀዳዳ ያለ መሸፈኛ መተው አይጥ መጋበዝ ነው። በብርድ ሌሊት ከኮምፒውተር የሚሞቅ ጎሬ የት ይገኛል? መሸፈኛዎቹን ከብሎኖቻቸው ጋር በአንድ ከረጢት አስቀምጡ።

የኬዙ ብረት ሲነካ ጣት የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የኬዙ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳው ሶኬት ወይም ማከፋፈያው የመሬት መስመር የለውም፤ ከፓወር ሰፕላዩ የሚያመልጠው ጥቂት ኤሌክትሪክ መውረጃ ሲያጣ ብረቱ ላይ ይቀራል። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉና የመሬት መስመሩን ኤሌክትሪሺያን እንዲያየው አድርጉ፤ ኬዝ መቀየር ምንም አይፈይድም።