ትርፉን ክፍል ሲኒማ ሲያደርጉ፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ፕሮጀክተሩ ተሰቅሎ፣ ስፒከሩ ተደርድሮ፣ ገመዱ ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ "ድምፁ ደስ አይልም"፣ "ምስሉ ደብዝዟል" የሚባልበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ዕቃ መቀየርን ነው። ዕቃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ግድግዳው ላይ፣ መብራቱ ላይ ወይም አንዲት ገመድ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ገንዘብ የማያስወጣው ፍተሻ ሁልጊዜ ይቅደም።

እዚህ በምሳሌነት የያዝነው አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደውን ዓይነት ክፍል ነው፦ 3 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ውስጡ 5 ስፒከር፣ 1 ሳብዉፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር)፣ አንድ ፕሮጀክተርና የ100 ኢንች ስክሪን አለ። እኛ ዘንድ "ሪሲቨር" ሲባል የዲሹ ስለሆነ፣ ስፒከሮቹን የሚነዳውን ዕቃ አምፕሊፋየር እንለዋለን።

ፊልሙ መሐል ላይ ፕሮጀክተሩ ራሱን ያጠፋል

ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ የሙቀት ምልክቷ ትበራለች፣ ምስሉ ድርግም ይላል። ቀዝቅዞ ሲነሳ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ደግሞ ያ አየር ነው። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ በብዙ ፕሮጀክተሮች ሜኑ ውስጥ "ሃይ አልቲትዩድ" የሚል ምርጫ አለ፤ በአብዛኛው ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ ይመከራል። ያብሩት። የፋኑ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ግን የዕቃው ዕድሜ ይረዝማል። ጎንደር፣ ደሴና መቐለ ላሉም ያው ነው፤ ጋምቤላ ላለ ሰው አያስፈልግም።

ካበሩትም በኋላ ከጠፋ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ በበጋ አቧራ በየወሩ ቢደረግ አይበዛም። ፕሮጀክተሩን "እንዲያምር" ብለው በሳጥን ከሸፈኑት ሳጥኑን ያንሱት። የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባልና የትኛውም ፋን አያሸንፈውም። በየጎኑ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃው ይረበሻል ወይም አልነሳ ይላል

ዋናው አደጋ የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው። ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ይጠቀሙ። መጠኑን ለማወቅ ከዕቃዎቹ ጀርባ ያለውን ዋት ይደምሩ፦ ፕሮጀክተር 300፣ አምፕሊፋየር 400፣ ሳብዉፈር 150 ቢሆን 850 ዋት ይሆናል፤ እጥፍ ገደማ አድርገው 2,000 ቪኤ (የስታቢላይዘር አቅም መለኪያ) ይግዙ። በስታቢላይዘሩ ሳጥን ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሌ አይታመንምና ትርፉ ያስፈልጋል።

አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከጠፋ በኋላም ፋኑ መዞር አለበት። ትኩስ እንዳለ መብራት ከተቆረጠበት የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል። ለፕሮጀክተሩ ብቻ 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ይበቃል፤ ዓላማው ፊልሙን መጨረስ ሳይሆን በሥርዓት አጥፍቶ ማቀዝቀዝ ነው።

"እምምም" የሚል ድምፅ ከስፒከሩ አይጠፋም

መጀመሪያ በጆሮ ይለዩት። "ሽሽሽ" የሚልና ቮልዩም ሲጨመር አብሮ የሚጨምር ከሆነ የአምፕሊፋየሩ ወይም የዝቅተኛ ጥራት ምንጭ ድምፅ ነው፤ በመጠኑ ከሆነ ይተዉት። ወፍራምና ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ችግር ነው። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ የሚሰማዎት 50 ወይም 100 ሄርዝ ነው።

የሚፈጠረው ዕቃዎቹ ከመሬት ጋር በሁለት መንገድ ሲገናኙ ነው። አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ ኧርዝ በኩል መሬት ይነካል። የዲሹ ገመድ ደግሞ ጣሪያ ላይ ካለው ሰሃንና ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ የብረት ልባስ አለው። በሁለቱ መሬቶች መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት አለ፤ እሱ በድምፅ ገመዱ ልባስ በኩል ሲፈስ ጉርምርምታ ይሆናል።

አምፕሊፋየሩን ከስፒከሮቹ ጋር ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ይንቀሉ። ጸጥ ካለ አንድ በአንድ ይመልሱ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ያድምጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የዲሹ ገመድ ነው፤ ገና ሳይጠብቅ የጫፉ ብረት የሪሲቨሩን ብረት እንደነካ ጉርምርምታው ብቅ ይላል፣ ሲያነሱት ይጠፋል።

ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት በሚወጣ አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፤ ብዙው ችግር እዚህ ያልቃል። ካልበቃ የዲሹን ገመድ ልባስ ቤት ሲገባ ከቤቱ ኧርዝ ጋር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገናኙ። ድምፁ ከዲሽ ሪሲቨሩ በቀይና ነጭ ገመድ የሚመጣ ከሆነ በኦፕቲካል ገመድ ይተኩት፤ በብርሃን ስለሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ መንገዱን ይቆርጠዋል። በዲሽ ገመድ ላይ የሚገባ አይዞሌተር (የኤሌክትሪክ መንገዱን የሚቆርጥ ዕቃ) ከመግዛትዎ በፊት ግን ያስተውሉ፦ ሰሃኑ ላይ ያለው ኤልኤንቢ (ሲግናሉን የሚቀበለው ራስ) ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ገመድ ከሚሄደው 13 ወይም 18 ቮልት ነው። ያን የሚዘጋ አይዞሌተር ከገባ ጉርምርምታው ከነቻናሉ ይጠፋል።

የፕለጉን ኧርዝ መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን ድምፁን ያጠፋው ይሆናል፤ ግን ፈጽሞ አያድርጉት። ውስጥ አንዲት ሽቦ ብትላቀቅ የዕቃው ብረት 220 ቮልት ይዞ ልጅ እስኪነካው ይጠብቃል። የአምፕሊፋየሩን ብረት ሲነኩ ቀጭን ንዝረት ከተሰማዎት ሶኬቱ ኧርዝ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሲኒማው ይቆየና መጀመሪያ እሱ ይሠራ።

ሙዚቃው ይሰማል፣ ንግግሩ ግን አይገባም

በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው።

መጀመሪያ ሴቲንጉን ይዩ። በ5.1 ድምፅ (ለ5 ስፒከርና ለ1 ሳብዉፈር የተከፋፈለ ድምፅ) ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። መሐለኛ ስፒከር ሳይኖር አምፕሊፋየሩ "አለ" ብሎ ከተሞላ ንግግሩ የትም አይወጣም። በስፒከር ሜኑ ውስጥ "የለም" ቢሉት ለግራና ለቀኝ ያከፋፍለዋል። ስፒከሩ ካለ ደግሞ አቀማመጡን ይዩ፦ መደርደሪያ ውስጥ ጠልቆ፣ ወደ ተመልካቹ ጉልበት እያየ ከሆነ ወደ መደርደሪያው ጠርዝ ያውጡት፣ ከፊቱ ሥር ትንሽ ጎማ አስገብተው ወደ ጆሮ ቀና ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ብቻ ደረጃውን ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይጨምሩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተስተካከለ ክፍሉ ነው። መሐል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። "ጧ" ብሎ ካበቃ ደህና ነው። ከጭብጨባው ኋላ "ዝርርር" የሚል ጭራ ካለ ድምፁ በትይዩዎቹ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ የ3 ሜትሩን ስፋት በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ያቋርጣል፤ አንዱ ቃል ሳያልቅ የሌላው ጭራ ይደርብበታል።

ገንዘብ ሳያወጡ ለመፈተን ሁለት ወፍራም ጋቢ ያምጡ። እርስዎ መቀመጫዎ ላይ ሆነው ሌላ ሰው መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ የፊቱ ስፒከር በመስታወቱ ውስጥ የታየዎት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣበት ነው። ጋቢውን አጥፈው እዚያ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ያው ትዕይንት ይደገም። ልዩነቱ ከተሰማዎት ፓነል መሥራቱ ያዋጣል።

አንዱ ፓነል 60 በ120 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ይሁን። ለዚህ ክፍል 6 ይበቃል፦ 2 በግራ፣ 2 በቀኝ፣ 2 ከመቀመጫው ኋላ። 10 ሳንቲ ወርድና 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ለአንዱ ፍሬም 3.5 ሜትር ስለሚወስድ፣ ከብክነቱ ጋር 24 ሜትር ይግዙ። ሙሌቱ ሮክዉል ወይም ግላስዉል (ከድንጋይ ወይም ከመስታወት የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ይሁን፤ ሲቆርጡ ጓንትና ጭምብል ያድርጉ። ካጡ በደንብ የተነደፈ ጥጥ ሳይጠቀጠቅ ይሞላል። ለልባሱ 90 ሳንቲ ወርድ ያለው አቡጀዴ 9 ሜትር ይበቃል። ሌላ ጨርቅ ከመረጡ አፍዎ ላይ አድርገው ይተንፍሱበት፤ ትንፋሽ ካላሳለፈ ድምፅም አያስገባምና ይተዉት። ሲሰቅሉ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ክፍተት ይስጡት፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ ጭምር የሚይዘው ያ ክፍተት ነው። ሴራሚኩ ላይ፣ በስፒከሮቹና በመቀመጫው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ።

የእንቁላል ትሪ አይለጥፉ። ወረቀቱ ቀጭን ስለሆነ የሚይዘው ጥቂት ከፍተኛ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሳት ግን ፈጥኖ ይይዘዋል። የ2 ሳንቲ ስፖንጅም ከዚህ ብዙ አይሻልም፦ ክፍሉን ያደነዝዘዋል፣ ቤዙን አይነካውም።

ቤዙ አንድ ቦታ ያጓራል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋል

የክፍሉ ልኬት የራሱ ድምፅ አለው። 4 ሜትሩ 43፣ 3 ሜትሩ 57፣ 2.6 ሜትሩ 66 ሄርዝ አካባቢ ያጎላል። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ሁሉም ተደራርቦ ይመጣል፤ በርዝመቱ ልክ መሐል ከሆነ ደግሞ 43ቱ ይጠፋል። ከኋላ ግድግዳው 1.5 ሜትር ገደማ ወደፊት ማምጣት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የሳብዉፈሩን ቦታ ለማግኘት ራሱን ሳብዉፈሩን መቀመጫዎ ላይ ያስቀምጡና ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ይክፈቱ። በግድግዳው ሥር እየተንበረከኩ ይዙሩ። እያንዳንዱ የቤዝ ምት እኩል ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። በአምፕሊፋየሩ ስፒከሮቹን "ስሞል"፣ መለያውን (ከሱ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ የሚሄድበትን ቁጥር) 80 ሄርዝ ያድርጉ።

ቤዙ በጠቅላላ ከሳሳና ድምፁ መሐል ላይ አልቆም ካለ የአንዱ ስፒከር ሽቦ ተገልብጦ ይሆናል። ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ይንኩት፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ከሆነ የዉፈሩ ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ ከገባ ያ ነው።

ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ይታያል

መጋረጃው ተዘግቶም ከሆነ ብርሃኑ የሚመለሰው ከነጩ ጣሪያና ግድግዳ ነው። ከስክሪኑ ጀምሮ ቢያንስ 1 ሜትር ጣሪያውንና ጎኖቹን በማያብለጨልጭ ጥቁር ግራጫ ቀለም ይቀቡ። ከዚያም ካልተስተካከለ የማጫወቻውንና የፕሮጀክተሩን የኤችዲኤምአይ ሬንጅ (የጥቁርና የነጭ ወሰን) ያስማሙ፦ አንዱ "ሊሚትድ" ሌላው "ፉል" ከሆነ ጥቁሩ ይነጣል ወይም ጨለማው ውስጥ ያለው ሁሉ ይዋጣል።

ሰው ላይኛው ፎቅ ሲራመድ ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ማንጠልጠያው ጂፕሰሙ ላይ ነው የታሰረው። የማንጠልጠያውን ቧንቧ በጂፕሰሙ አሳልፈው ከኮንክሪቱ ሶሌታ ጋር በ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር ይሰሩት።

ምስሉ ለሰከንድ ይጠፋና ይመለሳል

ኤችዲኤምአይ ገመዱን በ2 ሜትር ይፈትኑ። ከተስተካከለ ገመዱ ረዝሟል፤ ለ4ኬ ተራው መዳብ ከ5 ሜትር በኋላ አያስተማምንም። 10 ሜትር ከፈለጉ ኦፕቲካል ኤችዲኤምአይ ይግዙ፤ አቅጣጫ ስላለው "ሶርስ" የሚለው ጫፍ ማጫወቻው ጋ ይግባ። በግድግዳ ከመቅበርዎ በፊት ያብሩትና ያረጋግጡ።

ከንፈርና ድምፅ አይገጥሙም

ድምፁ ከቀደመ ፕሮጀክተሩ ምስሉን ለማሳመር ጊዜ እየወሰደ ነው። በአምፕሊፋየሩ "ሊፕ ሲንክ" ከ40 ሚሊ ሰከንድ ጀምረው እየጨመሩ ይግጠሙት። ድምፁ ከዘገየ ደግሞ ብሉቱዝ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ያንን የሚያስተካክለው ገመድ ነው።

ጎረቤት ያማርራል

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፓነልና ስፖንጅ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ አያግድም፤ የሚያግደው ክብደትና ድፍንነት ነው። ከበሩ ሥር ያለችው የ1 ሳንቲ ክፍተት የበሩን ጥቅም ታጠፋለች፤ ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ፣ ከሥር ጠራጊ ጎማ ያድርጉ። ኮንዶሚኒየም ላይ ሳብዉፈሩ ሶሌታውን ራሱን ስለሚያንቀጠቅጥ፣ ከሥሩ ከባድ የሴራሚክ ወይም የእብነ በረድ ቁራጭ፣ ከቁራጩም ሥር ወፍራም ለስላሳ ጎማ ያስገቡ። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ "ናይት ሞድ" ያብሩ፤ ፍንዳታው ዝቅ ይላል፣ ንግግሩ ግን ይሰማል።