የሚገፋ ሾፌር በሪያድ፣ በአዲስ አበባና በሐረጎ ቁልቁለት

ደሴ ላይ መንዳት የለመደ ሰው አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ሲገባ «ቦታ አይሰጡም» ብሎ ያማርራል። የአዲስ አበባው ኮምቦልቻን አልፎ ሽቅብ ወደ ደሴ ሲጀምር ደግሞ «እዚህ ኩርባ ላይ ይቀደማል እንዴ!» ይላል። ሪያድ ወይም ዱባይ ነድቶ የተመለሰው ሁለቱንም ይንቃል፤ ለአደጋ ይበልጥ የሚቀርበውም እሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በየቦታው የሚሻሙት ነገር ይለያያል። ገልፍ ላይ የግራ ረድፍ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ቀዳዳ ነው፣ ወሎ ላይ ከፊት ያለውን ተሳቢ ማለፍ ነው። አንዱ ጋ የሚያዋጣው ልማድ ሌላው ጋ ገደል ይከታል።

ገልፍ

ዱባይና ሪያድ ሰፋፊ መንገዶች ላይ ከኋላ የሚመጣው ረጅም መብራት እያብለጨለጨ ፓራውርታችሁ ላይ ይለጠፋል። ፍሬን ነካ አድርጋችሁ «ልታስተምሩት» አትሞክሩ። በ120 ፍጥነት መኪና በሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል፤ ሰው ነቅቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 50 ሜትር አልቋል። ፍጥነታችሁን ሳትቀይሩ የቀኝ ስፖኪዮ እዩ፣ ፍሬቻ አብሩ፣ ውጡለት። ኤምሬቶች ውስጥ ተለጥፎ መንዳት 400 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል፤ ቅጣቱን ለፖሊሱ ተዉት። ሳዑዲ ላይ ሳሄር የሚባለው ካሜራ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሾፌር ድንገት ፍሬን ይይዝና ካለፈ በኋላ ይፈተለካል፤ ስለዚህ ከፊት ካለው የሦስት ሰከንድ ርቀት ጠብቁ።

ተመላሹ ይዞት የሚመጣው መጥፎ ልማድ ሌላ ነው። ዱባይ ላይ ራዳሩ ከሰሌዳው 20 ኪሎ ሜትር እስኪያልፍ አያነሳም፤ ሾፌሩም 20 ጨምሮ መሄድን እንደ መብት ይቆጥረዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሐረጎ ኩርባ ግን 20 አይመርቅም።

አዲስ አበባና ፈጣኑ መንገድ

ቀለበት መንገድ ላይ ግፊያው በዝግታ ነው። ሚኒባሱ አፍንጫውን ያስገባል፤ አፍንጫው ከገባ ቀሪው መኪና ይከተላል። የረዳቱ እጅ በመስኮት ከወጣ ነገሩ ተወስኗል፤ ፍሬቻ አትጠብቁ፣ አሳልፉት። የቀኙ ረድፍ ላይ በተለይ የእግረኛ ድልድይ አካባቢ ታክሲ ሰው ለማውረድ ድንገት ስለሚቆም መሃለኛውን ያዙ። አካፋዩን ዘሎ የሚሻገር እግረኛ አለ፤ ሲመሽ ጥቁር ከለበሰ ጭራሽ አይታይም።

በ2014 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በየአቅጣጫው ሦስት ረድፍ አለው። እዚያ የክፍለ ሀገር ሾፌር ሁለት ስህተት ይሠራል፦ በግራ ረድፍ ተዝናንቶ ይሄዳል፤ መውጫው ሲያልፈው ደግሞ በኋላ ማርሽ ይመለሳል። መውጫ ካለፋችሁ ቀጣዩ ድረስ ሂዱ፣ ሌላ መላ የለም። ከመግባታችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ያለ ችግር የሄደ አሮጌ ጎማ በአንድ ሰዓት ከፍተኛ ፍጥነት ሊፈነዳ ይችላል።

ወሎ መንገድ፦ መቅደም

እዚህ መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ነው፤ መቅደም ማለት ከፊት በሚመጣ ሰው ረድፍ ላይ መሄድ ማለት ነው። ሒሳቡን አንድ ጊዜ መሥራት ይበጃል። 18 ሜትር ርዝመት ያለው ተሳቢ በ50 ይሄዳል፣ እናንተ በ80። ከኋላው 20 ሜትር፣ የሱ ርዝመት 18፣ የእናንተ 4፣ ከፊቱ ገብታችሁ 20 ሲደመር 62 ሜትር ልትበልጡት ይገባል። በ30 ኪሎ ሜትር ልዩነት ይህ ሰባት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ እናንተ 167 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ በ80 ከፊት የሚመጣውም ያንኑ ያህል። ጠቅላላ 335 ሜትር ሆነ። መጠባበቂያ ጨምራችሁ 400 ሜትር ጥርት ብሎ ካልታያችሁ አትውጡ። ከሐርቡ ወዲያ ሜዳው ላይ ይገኛል፤ ሐረጎ ላይ አይገኝም።

ሽቅብ ደግሞ ሒሳቡ ይበላሻል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ወለል ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። አራት ሰው የጫነች ቪትዝ ዳገት ላይ 80 አትደርስም፤ ጀምራችሁ መሃል ላይ ትቀራላችሁ።

ከፊት ያለው ከባድ መኪና ቀኝ ፍሬቻ ሲያሳይ ብዙ ጊዜ «እለፍ» ማለቱ ነው፣ ግራ ሲያሳይ «ቆይ»። ግን ቀኙ «ልቆም ነው»፣ ግራውም «ልታጠፍ ነው» ሊሆን ይችላል። በፍሬቻ ብቻ አትመኑ፤ ዓይናችሁ ካላየው መንገዱ ነጻ አይደለም። ሌላ መኪና እየቀደመ ሳለ ደርቦ መቅደምማ ምንም ሒሳብ አይወጣለትም።

ወሎ መንገድ፦ መውረድ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነጻ አውጥቶ) የሚለቅ ሾፌር አለ፤ ያኔ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፦ ለአነስተኛ መኪና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፣ ለአውቶማቲክ «ኤል» ወይም «2»። ፍሬኑን ደግሞ ያለማቋረጥ አትርገጡ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ ልቀቁ። ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከባድ መኪና ላይ ግን ቶሎ ቶሎ መርገጥ አየር ይጨርሳል፤ የአየሩ ጌጅ ወደ 4 ባር ከወረደ ቁሙ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፣ እርጥበት ሲገባው ግን 140 ላይ። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ እየለሰለሰ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ አስለውጡ፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ዶት 4 አስሞሉ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ፔዳሉ እስኪለሰልስ አትጠብቁ፣ ቁሙ።

ከኋላ አይሱዙ ወይም ዶልፊን ክላክስ እያደረገ ቢገፋችሁ አትፍጠኑ፤ ፍጥነታችሁን የሚወስነው ማርሻችሁ እንጂ ስፖኪዮ ውስጥ ያለው ሰው አይደለም። ሰፋ ያለ ቦታ ሲገኝ ቀኝ ፍሬቻ አብሩና ጠርዙን ተጠግታችሁ አሳልፉት። ከአስፋልቱ ግን አትውጡ፤ ክረምት ላይ ጠርዙ በጎርፍ ይበላል። ክላክሱ ካልተቋረጠና መብራቱ ሁሉ ከበራ ምናልባት ፍሬን ጠፍቶበት ነው፤ ያኔ በማንኛውም መንገድ ዘወር በሉለት። የእናንተው ከጠፋ ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግማችሁ ርገጡ፣ አንድ በአንድ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፣ ካልሆነ ተራራው በኩል ያለውን ቦይ ምረጡ። ገደሉ በኩል ሁለተኛ ዕድል የለም።

ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ከብቱም ግመሉም ሰዉም አስፋልቱን ይዞ ስለሚሄድ ጉዞውን ሌላ ቀን ማድረግ ይሻላል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት አይረዳም፣ መልሶ ያሳውራችኋል፤ አጭሩን አብሩ። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅጠል ካያችሁ ከኩርባው ወዲያ የቆመ መኪና አለ ማለት ነው።

ፍሬን ግሎ ከቆማችሁ ውሃ አትድፉበት፣ ከበሮው ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም አትሳቡ፣ ሲቀዘቅዝ ሊነክስ ይችላል። ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ስትነሱ ረዳቱ ታኮውን ከአስፋልቱ ማንሳቱን ወርዳችሁ እዩ፤ ማታ በባጃጅ የሚመጣ ሰው ያን ድንጋይ የሚያየው ጎማው ሲወጣበት ነው።